መለኪያ አንስታ የማታውቅ ጠጪ

የአክስቴን ግራ እጅ እጠላው ነበር። ቀኝ እጇን አልጠላም። ቀኝ እጇ እንደማንኛዋም ሴት እጅ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ልብስ ያጥባል፣ ልጅ ሳለሁ ፀጉሬን ይጎነጉናል። ግራ እጇ ግን ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ያስጠላኛል። መዳፉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ቆዳው ነጥቶ ተሰነጣጥቋል፣ ከስንጥቁም አረቄ አረቄ የሚል ሽታ ይወጣል። በሳሙና ብታሸው፣ በሎሚ ብትፈትገው አይለቅም። በዚያ እጅ ፊቴን ስትደባብሰኝ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

አክስቴ ከጎጃም በረንዳ ጀርባ፣ በእህል መጋዘኖቹ መሀል በሚያልፈው ጠባብ መንገድ ላይ አረቄ ቤት ነበራት። እናትና አባቴ ቀድመው ስለሞቱብኝ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤታችን አንድ ክፍል ሲሆን በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ከመጋረጃው ወዲያ ጠጪዎቹ፣ ከመጋረጃው ወዲህ እኛ። ትምህርቴን ያጠናሁት የሰካራም ሳል እየሰማሁ ነው። አድጌ ጤና ረዳት ሆኜ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ካለው ጤና ጣቢያ ስቀጠርም ነጩን ጋውኔን የምሰቅለው እዚያው መጋረጃ ላይ ነበር፤ ሥራ ቦታ ስደርስ ባልደረቦቼ ጠጥቼ የመጣሁ እየመሰላቸው ጠጋ ብለው ያሸቱኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው። በሰዓት እላፊው የተነሳ ማታ ተቀምጦ የሚጠጣ የለም፤ የሚጠጣው ጎህ ሲቀድ ነው። ኩሊዎቹ ኩንታል ከመሸከማቸው በፊት ይመጣሉ። በጣታቸው ተናፍጠው የቤታችን ግድግዳ ላይ ይጠርጋሉ፤ ከአፍንጫቸው የሚወጣው በእህል አቧራ የጠቆረ ነው። አንዱ ይተፋል፣ አንዱ ያገሳል፣ አንዱ እግሩን ከጫማው አውጥቶ ጣቶቹን ያካል። አክስቴ ወለሉን በመጥረጊያ ገፋ ታደርግና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እኔ ቁርሴን ሳልበላ የምወጣው ለዚህ ነው። እነሱን እያየ ማን ይበላል?

የአረቄ ቤት ወግ ይታወቃል። ቀጂዋ ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። መርዝ የለበትም፣ ካለበትም መጀመሪያ እኔን ይግደለኝ ማለቷ ነው። በሌላው ቤት አንድ ጠርሙስ ሲከፈት አንዴ ቀምሶ ማለፍ ይበቃል። በእኛ ቤት ግን ለእያንዳንዷ መለኪያ ነበር። ይህን ያስለመዱት አንድ የእህል ደላላ ናቸው።

እኚህ ደላላ የሰፈሩ ንፁህ ሰው ነበሩ። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ መፋቂያቸውን ከአፋቸው ሳያወጡ ይመጡና የመለኪያዋን አፍ በመሀረባቸው ወልውለው ይቀመጣሉ። ዘመኑ የማይታመን ነው፣ ማን ማንን እንደሚያስበላ አይታወቅም፣ ጠርሙሱም ከተከፈተ በኋላ ማን እንደነካው ምን ይታወቃል ይላሉ። ስለዚህ ሲቀዳላቸው ሁሉ አክስቴ ፊታቸው ትቀምሳለች። የሳቸውን ያዩ ሌሎቹም ይቀመስልን አሉ። ኩሊው እንኳ፣ ለምን ይዋሻል፣ መርዝ ቢሆንም የሚጠጣው ኩሊ፣ ለወጉ ያህል ቅመሺልኝ ማለት ጀመረ። በየመለኪያው አንድ መዳፍ፤ በየቀኑ፤ ከጎህ እስከ ምሳ፣ ከምሳ እስከ ማምሻ።

አክስቴ ታዲያ በኩራት የምትናገረው አንድ ነገር ነበራት። አረቄ እሸጣለሁ እንጂ አረቄ ጠጥቼ አላውቅም ትላለች። መለኪያ ከንፈሬን ነክቶ አያውቅም ትላለች። እውነቷን ነው። መለኪያ አንስታ አይቻት አላውቅም። ሴት ጠጪ ወደ ቤቷ ብትመጣ በር ላይ ነው የምትመልሳት፣ ሴት ልጅ እንዴት ትጠጣለች ብላ። ስትናገር ከአፏ የሚወጣው ትንፋሽ ክብሪት ቢጫርበት የሚያያዝ ነበር፤ እሷ ግን ከልቧ ታምንበት ነበር።

ጠዋት ጠዋት እጇ ይንቀጠቀጣል። የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ ስለሚያቅታት የምቆልፍላት እኔ ነኝ። ብርድ ነው ትላለች። የመጀመሪያዎቹ ኩሊዎች ገብተው ጥቂት እንደቀመሰችላቸው እጇ ቀጥ ይላል። ሥራ ሲጀመር ሰውነት ይሞቃል ትላለች። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ማስመለስ መጣ። ጠርዙ የተላላጠ የቆርቆሮ ሳህን ነበረን፤ እሱን አልጋዋ አጠገብ አኖርኩላት። በየማለዳው ያንን ሳህን ይዤ ወደ ሽንት ቤቱ የምሄደው አፍንጫዬን በነጠላ አፍኜ ነው። ቢጫ፣ የሚያቃጥል ሽታ ያለው ውሃ ነበር። ጤና ጣቢያ የስንቱን ሰው ቁስል አጥባለሁ፣ መግል እጠርጋለሁ፤ አንድም ቀን ወደ ላይ ብሎኝ አያውቅም። የአክስቴን ሳህን ሳነሳ ግን ሆዴ ይገለበጣል። የሰው በሽታ ሥራ ነው፤ የሷ የኔው ቤት ነበር።

እግሯ ማበጥ ሲጀምርና የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሲሆን ጎረቤቶች የወፍ በሽታ ነው ብለው መድኃኒት የሚያስሩ ሰው ጠቆሙ። እኔ ግን ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። አስቀምጬ፣ እትዬ፣ ይኼ ከአረቄው ነው፣ ጉበትሽ ተጎድቷል አልኳት። ሰካራም ልትዪኝ ነው ወይ ብላ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ እንባዋን በዚያው በግራ እጇ ጠረገች፤ መዳፏን ወደ አፏ ስታስጠጋ ምላሷ ወጣ ብሎ ሲልሰው አየሁት። እንባ ይሁን አረቄ የላሰችው አላውቅም። ዞር አልኩ።

መናገር እንደማይሠራ ሲገባኝ በዓይኗ ላሳያት ወሰንኩ። ከሥራ ባረፍኩበት ቀን ከጤና ጣቢያ አፉ ሰፊ የሆነ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ አመጣሁ። ዛሬ መዳፍሽ ላይ የምታደርጊውን ያህል እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሪ፣ አንዲት ጠብታ አትቅመሺ አልኳት። ደላላው እህል ሊያመጡ ወደ ጎጃም ወርደው ነበር። ሌሎቹ ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ፤ ለአንድ ቀን ግድ የለም፣ መርዝም ቢሆን እንጠጣው አሉ። አክስቴም እንደ ጨዋታ ወሰደችው። ለእያንዳንዱ ሰው ስትቀዳ መጀመሪያ ወደ ጠርሙሱ ጠብ ታደርጋለች፣ ከዚያ ለሰውዬው ትሰጣለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ጠርሙሱ እስከ አንገቱ ሞልቶ ነበር። አክስቴ ባንኮኒው ላይ ክንዷን አስደግፋ አየችው። እጇ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ላብ በጉንጮቿ ይወርዳል።

"ይኼ ሁሉ?" አለች።

ይኼ ሁሉ፣ ገና ግማሽ ቀን ነው አልኳት። ገባት ብዬ ደስ አለኝ። ድፊው ብያት ስኳርና ሎሚ ልገዛላት ወደ አንዋር መስጊድ ሰፈር ሄድኩ። ቀኑ ዓርብ ስለነበረ መንገዱ በሰጋጆች ተሞልቶ መመለሻ አጣሁ። እስኪበተኑ ከአንድ የቅመም ሱቅ በር ቆሜ ጠበቅኩ።

ስመለስ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። መጋረጃውን ገለጥ ባደርግ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጠርሙሱ በጉልበቶቿ መሀል ነው፤ የቀረው ታቹ ላይ ያለ ዝቃጭ ብቻ። ያንንም መዳፏ ላይ አንጠፍጥፋ ወደ አፏ ወሰደችው። ጠርሙሱን አፏ ላይ አላስጠጋችውም። አንድ ጊዜም። ያን ሁሉ አረቄ በመዳፍ በመዳፍ ነው የጨረሰችው። አገጯ ረጥቧል፣ የቀሚሷ ደረት ረጥቧል፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየመጠጠች ነበር።

"ይደፋ እንዴ?" አለችኝ ቀና ብላ። "የሰው ልፋት አይደለም እንዴ? ደግሞ በመለኪያ አልጠጣሁም።"

በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ተፀይፌ አላውቅም። ያሳደገችኝን ሴት ማለቴ ነው። ስኳሩን ወለሉ ላይ ጥዬ ወጣሁና በር ላይ ቆምኩ። ከዚያ ውስጥ ስታስመልስ ሰማሁ፤ ድምፁ የጠዋቱ ዓይነት አልነበረም። ስገባ ሳህኑ ውስጥ ያለው እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነው። ደም መሆኑን አውቃለሁ። ጮኼ ስጠራቸው ኩሊዎቹ በእህል ጋሪያቸው ላይ አጋድመው እየገፉ ሆስፒታል አደረሷት፤ እኔ ከጎኗ ሳህኑን ይዤ እሮጣለሁ፣ መንገደኛው አፍንጫውን እየያዘ ይሸሻል።

ሆስፒታል ብዙ ከረመች። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እዚያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አረቄው ከሰውነቷ ሲወጣ የከፉ ነበሩ። ትቃዣለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ አንሶላዬ ላይ ነፍሳት ይሄዳል እያለች በእጇ ታራግፋለች። በሽታው እንዲህ እንደሚያሳይ ተምሬያለሁ። ነገር ግን አልጋው እውነትም ትኋን ነበረበት። የቱን ነፍሳት እንደምታራግፍ መለየት አቅቶኝ ሁለቱንም አብሬያት አራግፍ ነበር። ገላዋን በሞቀ ውሃ ሳጥባት ከቆዳዋ የሚወጣው ላብ አረቄ አረቄ ይሸታል። ሰው ውስጡ ድረስ እንደ ማሰሮ ሊታጠን እንደሚችል ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ስትነቃና ስትረጋጋ ዶክተሩ መጥቶ ካሁን በኋላ መጠጥ አፍዎ እንዳይገባ፣ ደም ዳግመኛ ከመጣ እኔም አላድንዎትም አላት። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እኔ እኮ ዶክተር መለኪያ አንስቼ አላውቅም አለችው። ዶክተሩ እኔን አየኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። አልሳቀም።

"እትዬ፣ ጉበትዎ መዳፍና መለኪያ አይለይም" አላት።

ቤት ስንመለስ አረቄ ቤቱን እንዝጋ አልኳት። እምቢ አለች። ቤቱ የቀበሌ ነው፣ ፈቃዱ የአረቄ ነው፣ ብዘጋው ለሌላ ይሰጡታል፣ ደግሞ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ምን አውቃለሁ አለች። ከዚህ ሌላ ግን ያልኳትን ሁሉ አደረገች። ጨው የሌለው ወጥና አጥሚት ትበላለች፤ ፊቷን አጨማዳ፣ ግን ትበላለች። ጠዋት ስትነሳ ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ተጫን ታደርግና የጎደጎደው ቶሎ ካልሞላ ትጠራኛለች። በር ላይ ወጥታ በትንሿ መስታወት የዓይኗን ነጭ ታያለች። ሰገራዬ ጠቆረ አልጠቆረም እያለች ቁርስ ላይ ትነግረኛለች፤ እኔም ዳቦዬን አስቀምጬ እሰማለሁ። ሰውነቷን በአደራ እንደተተወ የጎረቤት ቤት መጠበቅ ጀመረች።

ችግሩ መቅመሱ ነበር። ሳትቀምስ ብትቀዳ ሰው ይጠረጥራል፤ ብትቀምስ ትሞታለች። አንድ ማለዳ ኩሊዎቹ ሳይመጡ መጋረጃውን ገልጣ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ አንቺ የቤቱ ልጅ ነሽ፣ አንቺ ብትቀምሺላቸው ይቀበላሉ፣ ሥራ እስክትሄጂ ድረስ ብቻ አለችኝ። ደሜ ፈላ። ያንን ነገር አፌ አላስገባም፣ ሽታው ብቻውን ወደ ላይ ይለኛል፣ እኔንም እንዳንቺ ልታደርጊኝ ነው ወይ አልኳት። ተነስታ ለምሳ የሚሆን ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች፤ እጇ እየተንቀጠቀጠ ስለነበረ ቢላው የግራ መዳፏን ሰነጠቀው።

ቁስሉ ጥልቅ ነበር። በአዮዲን አጥቤ በፋሻ ጠቀለልኩላት። በዚያ ቀን ሰው ሲመጣ ፋሻውን እያሳየች ይቅርታ ጠየቀች፤ ማንም ቅር አላለውም። ኧረ እግዚአብሔር ይማርሽ አሏት፣ ቁስል ላይ አረቄ ማን ያፈሳል አሉ፣ ሳይቀመስላቸው ጠጡ። የኛ ሰው እንዲህ ነው። መጠጥ ተውኩ ብትለው ይስቅብሃል፣ ያባብልሃል፣ አንዲት ብቻ ይልሃል። ቁስል ስታሳየው ግን ያከብርሃል።

ቁስሉ በሳምንታት ውስጥ ዳነ። ፋሻውን ልፈታላት ስጀምር በቀኝ እጇ እጄን ያዘችው።

"አትፍቺው" አለች።

ገባኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው የዳነ እጅ አክም ነበር። ያረጀውን ፋሻ እፈታለሁ፣ አዮዲን እነካካዋለሁ፣ በአዲስ እጠቀልላለሁ፤ ሰው እንዲያምን በአዮዲን የጠቆረው ዳር ወደ ላይ እንዲታይ አደርጋለሁ። እሷ እጇን ዘርግታ እንደ እውነተኛ በሽተኛ ትቀመጣለች። አልፎ አልፎ ታቃስታለች ብል ማን ያምነኛል? እየቆየ የጠዋቱ መንቀጥቀጥ ቀነሰ፣ የእግሯ እብጠት ጎደለ፣ ዓይኗ ነጣ። ሳህኑ ታጥቦ አልጋው ሥር ገባ። ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስ የሹራቧን ቁልፍ ራሷ ቆልፋ አገኘኋት። እንዳላየሁ ሆንኩ።

ደላላው ግን ፋሻው አልተዋጠላቸውም። ሲመጡ ሁሉ እስካሁን አልዳነም ይላሉ፤ ምን ዓይነት ቁስል ነው፣ ነርስ ከቤት እያለች ይላሉ። መለኪያቸውን ከወትሮው አብልጠው ይወለውላሉ፣ ከመጠጣታቸው በፊት አጠገባቸው ያለው ሰው እስኪጠጣ ይጠብቃሉ። ሰውየውን ማየት አስጠላኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሴትዮዋን እንደ ወንፊት ተጠቅመውባት እሳቸው ንፁህ ሆነው የሚወጡት ነገር አናደደኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሥራ አርፌ ከመጋረጃው ጀርባ ልብስ ስተኩስ፣ ደላላው እንግዳ ይዘው ገቡ። ድምፃቸው ለወትሮው እንዲህ አይለዝብም። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ፤ ካኪ የለበሰ ወጣት ነው፣ የከፍተኛው ካድሬ። ኩሊዎቹ ሁሉ አፋቸውን ዘጉ፤ ሲተፋ የነበረው መትፋቱን አቆመ። ደላላው ለካድሬው ወንበር ጠራርገው አስቀመጡት። አክስቴ መለኪያ አምጥታ ልትቀዳ ስትል ካድሬው እጁን መለኪያዋ ላይ ከደነ።

"ቀምሰሽ ስጪኝ እንጂ፣ እናት።"

ፋሻዋን አሳየችው። ካድሬው ይቅርታዋን ሊቀበል ይመስል ነበር፤ ደላላው ናቸው የተናገሩት። ይህ ቁስል ከክረምት በፊት የነበረ ነው፣ እኛም ሲገርመን ነው የከረመው አሉት፣ እየሳቁ። ካድሬው ሳቃቸውን አልተጋራም። መለኪያዋን በአንድ ጣቱ ወደ ጎን ገፋትና ፍቺውና አሳዪኝ አላት።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። አክስቴ እኔን አላየችም። የፋሻውን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ፈታችው። መዳፏ ወጣ። ለወራት ተሸፍኖ ስለነበረ እንደ ሕፃን እጅ ለስልሷል፤ ስንጥቆቹ ገጥመዋል፣ የቢላው ጠባሳ እንደ ክር ቀጥኗል። ምንም ቁስል የለም። አንዱ ኩሊ የያዘውን መለኪያ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሌላው ምራቁን መሬት ላይ ተፋ፤ የጠጣውን ሊያወጣ ይመስል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ዝምታ ሰው ያስበላ ነበር። ካድሬ በአረቄ ቤት፣ ሻጯ ቁስል አለኝ ብላ ዋሽታ፣ ሳትቀምስ ልትሰጠው፤ መርዝ ነበር ብለው የቀረውን እነካድሬው ይጨርሱታል።

"ቁስል የለም" አለች አክስቴ። ድምጿ ቀጭን ነበር። "ጠጪ ነኝ፣ ጓድ። በዚህ እጅ ነው የጠጣሁት። አሁን ብቀምስ እሞታለሁ፣ ሐኪም ነግሮኛል።"

ከአፏ ይወጣል ብዬ ያልጠበቅኩት ቃል ነበር። ኩሊዎቹ ፊት፣ ደላላው ፊት፣ ሴት ጠጪ ከበር ስትመልስ ያዩዋት ሰዎች ሁሉ ፊት። ካድሬው ግን ለሱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ሰው ፊቱ ሲቆም አንድ ነገር ያመካኛል።

"ለኔ ሲሆን ነው የምትሞቺው?" አለ። "ቅመሺ።"

አክስቴ ጠርሙሱን አነሳች። መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፤ ከልማዷ በላይ ፈሰሰ፣ መዳፏ ሞላ። ሽታው እስከ እኔ ድረስ መጣ። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ጓጉታ ይሁን ፈርታ እሷም የምታውቀው አይመስለኝም፤ ሁለቱም ነበሩ። ከዚያ እጇን ወደ ደላላው ዘረጋች። ስንት ዓመት ቀምሼልዎታለሁ፣ ዛሬ እርስዎ ይቅመሱልኝ አለቻቸው። ደላላው ራሳቸውን ወደ ኋላ አሸሹ። መዳፏን አዩት፣ ከንፈራቸውን ጠመዘዙ፣ መሀረባቸውን አውጥተው ምንም ያልነካውን አፋቸውን ጠረጉ።

"ኧረ ወዲያ በይልኝ" አሉ።

ያን ሁሉ ዓመት ካልተቀመሰልኝ ያሉት በዚህ እጅ ነው። ዛሬ ተፀየፉት። እኔም ስፀየፈው የኖርኩት እሱኑ ነው፤ የሳቸውን ፊት ሳይ ግን የራሴን ፊት ያየሁ መሰለኝና ይበልጥ ደሜ ፈላ። የአክስቴ እጅ አየር ላይ ቀርቷል። ካድሬው ይጠብቃል። እጇ ወደ አፏ መመለስ ጀመረ፣ ቀስ እያለ፣ ለዘመናት በለመደው መንገድ።

ሄጄ የእጇን አንጓ ያዝኩ። ጎንበስ ብዬ አፌን መዳፏ ውስጥ ከተትኩ። አረቄው ለብ ብሏል። አዮዲን አዮዲን ይላል፣ ላብ ላብ ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ ያው ከልጅነቴ ጀምሮ ትንፋሼን የያዝኩለት ሽታ አለ፤ ያን ያህል ወር ተጠቅልሎም አልጠፋም። ጠጣሁት። የቀረውን ደግሞ ላስኩት፣ እሷ እንዳትልሰው።

"የቤቱ ልጅ ነኝ" አልኩት ካድሬውን።

ካድሬው እወድቅ እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ አየኝ። አልወደቅኩም። መለኪያዋን ወደ ራሱ ስቦ ጠጣና ተነስቶ ወጣ፤ ደላላው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ተከተሉት።

ደላላው ሌላ ቤት ያዙ፤ እሳቸውን ዳግመኛ በዚያ በር ሲገቡ አላየሁም። ኩሊዎቹ ከዚያ በኋላ የሚቀዳላቸውን በራሳቸው መዳፍ ቀምሰው ይጠጡ ነበር፤ አስቀያሚ መዳፍ ነው፣ ግን የራሳቸው ነው። አክስቴ ፋሻ አላሰረችም። እኔ አግብቼ ልጆች እስካሳድግ ኖራለች፤ የሞተችውም በሌላ በሽታ ነው።

የዚያን ቀን ግን ካድሬው ከመንገዱ እንደታጠፈ ወደ መጋረጃው ጀርባ ሮጥኩ። አንጀቴ ሁሉ ወደ አፌ መጣ። አልጋው ሥር በጉልበቴ ተንበርክኬ ሳለሁ ያ ጠርዙ የተላላጠ ሳህን አገጬ ሥር ገባ። አክስቴ በቀኝ እጇ ሳህኑን ይዛልኛለች፤ በግራ እጇ ግንባሬን ደግፋ ታስመልሰኛለች፣ እኔ ስንት ማለዳ እንዳደረግኩላት። ስጨርስ ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ውስጡ ያለውን ተመለከተችና አፍንጫዋን ያዘች።

"አንቺስ ጠጪ አትሆኚም" አለች።

ግራ እጇ ገና ግንባሬ ላይ ነበር። ትንፋሼን አልያዝኩም።